ሂፕኖሲስና ሪግሬሽን ለቆየ የስሜት ቁስል፦ እንዴት ብትጠቀሙበት ይበጃል

የቆየ ሐዘን፣ ፍርሃት ወይም ንዴት አልለቅ ብሏችሁ ሂፕኖሲስን ልትሞክሩ ካሰባችሁ ጥሩ አስባችኋል። ይረዳል። ግን ካላወቃችሁበት ሌላ ቁስል ጨምሮባችሁ ሊሄድ ይችላል፤ በተለይ ሪግሬሽን የሚባለው፣ ሰውን በሂፕኖሲስ ውስጥ እያለ ወደ ልጅነቱ ትዝታ የሚመልሰው ዘዴ።

ሂፕኖሲስ እንቅልፍ አይደለም፣ ድግምትም አይደለም። ሰውነት ይላላል፣ ሐሳብ አንድ ነገር ላይ ያርፋል፣ የሚነገራችሁ ቃልም ከወትሮው ጠልቆ ይገባል። ሁሉንም ትሰማላችሁ። ካልፈለጋችሁ ዓይናችሁን ገልጣችሁ ትነሳላችሁ። የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1955 ለሕክምና እንደሚጠቅም ተቀብሎታል፤ ሕመምን ለማስታገስ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚመጣ ጭንቀትን ለመቀነስ ጥሩ ውጤት ታይቶበታል። ለስሜት ቁስል ግን ብቻውን አይበቃም። የምክር ሕክምና አጋዥ አድርጋችሁ ያዙት።

ማን ጋ ትሄዳላችሁ? መጀመሪያ የአእምሮ ሐኪም ወይም ሳይኮሎጂስት ይያችሁ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታልም ሆነ ሌላ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለበት ቦታ መጀመር ትችላላችሁ። እስራኤል ያላችሁ ሕጉ ያግዛችኋል፦ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ሕግ ሂፕኖሲስን ፈቃድ ላላቸው ሐኪሞች፣ የጥርስ ሐኪሞችና ሳይኮሎጂስቶች ብቻ ነው የሚፈቅደው። እንግሊዝ ግን ማንም ሰው ተነስቶ «ሂፕኖቴራፒስት ነኝ» ማለት ይችላል፣ አሜሪካም ደንቡ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ስለዚህ የግድግዳ ሰርተፍኬቱን ተዉትና «ዋና ሙያዎ ምንድነው? ሂፕኖሲስ ባይኖርስ የኔን ችግር ማከም ይችላሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ ፈልጉ። የሌለ ድምፅ የሚሰማችሁ፣ ከእውነታ የመራቅ ችግር ያለባችሁ ወይም የሚጥል በሽታ ያለባችሁ ደግሞ ሐኪማችሁ ሳያውቅ አትጀምሩ። የምትወስዱትን መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ።

ከቀጠሮው በፊት አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፣ ያውም የዛሬውን። «ልጅነቴን ማከም እፈልጋለሁ» ብላችሁ አትሂዱ፣ ይሰፋል። «አለቃዬ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ደረቴ ይጨመደዳል፣ ምላሴ ይተሳሰራል» በሉ። ስሜቱን ከ0 እስከ 10 ስጡትና ጻፉት፤ በኋላ ለውጥ መኖሩን የምታውቁት በዚህ ነው። «ጣቴን ካነሳሁ እናቆማለን» ብላችሁም ተስማሙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ትዝታ ተቀርጾ የተቀመጠ ቪዲዮ አይደለም፣ ባስታወስነው ቁጥር እንደ አዲስ ይገነባል። አሜሪካዊቷ ሳይኮሎጂስት ኤልዛቤት ሎፍተስ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣችው ጥናት 24 ሰዎች በልጅነታቸው ገበያ ማዕከል ውስጥ ጠፍተው እንደነበር በሐሰት ተነገራቸው፤ ሩብ ያህሉ በሙሉም ሆነ በከፊል «አስታወሱት»። ሂፕኖሲስ ደግሞ ሰው በትዝታው ላይ ያለውን እርግጠኝነት ይጨምራል እንጂ ትዝታውን እውነት አያደርገውም። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 በሂፕኖሲስ ትዝታው የተቀሰቀሰ ምስክርን ቃል አልቀበልም ያለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ባለሙያው የሚጠይቀውን ጥያቄ አድምጡ። «በሩን ከፍቶ የገባው ሰውዬ ማነው? ምን አደረገዎት?» ካለ ሰውዬውን ያስገባው እሱ ነው። ጣታችሁን አንሱ። ደህናው ባለሙያ «አሁን ምን ይሰማዎታል? ሰውነትዎ ላይ የቱ ጋ ነው?» ብሎ ይጠብቃል። እንበል የመጣው ትዝታ ድሮም የምታውቁት ነው፦ አባት ሲጮህ አልጋ ስር የተደበቀች የሰባት ዓመት ልጅ። ልጅቷ ያኔ የነበራችሁት እናንተ ናችሁ፤ ዛሬ ያደጋችሁት እናንተ በሐሳባችሁ ወደ አልጋው ጎንበስ ብላችሁ «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ እኔ አለሁ» ትሏታላችሁ። የሚጠቅመው ይሄ ነው። አዲስ መረጃ አልተገኘም፤ ያኔ ማንም ያላላት ቃል ተነገራት። እንባ ቢመጣ ይምጣ።

ፈጽሞ የማታውቁት ነገር ድንገት ከታያችሁስ? ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡት። ለእናታችሁ አትደውሉ፣ ማንንም አትክሰሱ፤ በዚህ የተነሳ የፈረሱ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ከባለሙያ ጋር ቀስ ብላችሁ እዩት። ይሄን ስል ግን ሁልጊዜ ስታስታውሱት የኖራችሁትን በደል ተጠራጠሩት ማለቴ አይደለም። እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ማንም «ፈጥረኸው ነው» እንዲላችሁ አትፍቀዱ። ከመወለዳችሁ በፊት ወደኖራችሁት «ያለፈ ሕይወት» እናስገባችኋለን ለሚሉት ደግሞ ገንዘባችሁን አትስጡ። ማስረጃ የለውም።

ቤት ውስጥ ብቻችሁን ሪግሬሽን አትሞክሩ። ለማረጋጋት የሚሆነው ሂፕኖሲስ ግን ይቻላል፣ መኪና እየነዳችሁ ካልሆነ። ስልኩን አጥፉና ቁጭ በሉ። ግድግዳው ላይ አንድ ነጥብ ተመልከቱ፣ ሽፋሽፍታችሁ ሲከብድ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ከእግር ጣት እስከ ግንባር እያንዳንዱን ክፍል «ላላ» እያላችሁ ውጡ። ከ10 እስከ 1 ቁልቁል ቁጠሩ፣ አየር ስታስወጡ አንድ ቁጥር። ከዚያ አጭር ቃል፣ በአዎንታ የተነገረ፦ «ድምፅ ሲጨምር እተነፍሳለሁ፣ እረጋለሁ።» «አልፈራም» አትበሉ፣ ፍርሃቱን ነው የምትጠሩት። ደጋግማችሁ በሉትና ከ1 እስከ 5 ቆጥራችሁ ዓይናችሁን ግለጡ።

መሃል ላይ ከባድ ነገር ከመጣ ወዲያው ዓይን ግለጡ፣ እግራችሁን መሬት ላይ ጫን አድርጉ፣ ፊታችሁን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ፣ ክፍሉ ውስጥ የምታዩአቸውን አምስት ነገሮች ጮክ ብላችሁ ጥሩ። ስሜቱ ለቀናት ካልለቀቃችሁ ልምምዱን አቁሙና ለባለሙያችሁ ደውሉ። ራሳችሁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ አንድ ሰው አስከትላችሁ ሆስፒታል ሂዱ።