የዓለም አቀፍ ክሪኬት ክርክሮችን እንዴት መከታተል ይቻላል? የወንዶቹንና የሴቶቹን ጎን ለጎን ለማንበብ የሚረዳ መመሪያ

በዱባይ፣ በዶሃ ወይም በለንደን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከሕንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽ ወይም ከስሪላንካ ከመጡ ሰዎች ጋር የሚሠራ ከሆነ ስለ ክሪኬት የሚደረግ የጋለ ክርክር ጆሮው ሳይገባ አይቀርም። አብዛኞቻችን በዚያ ሰዓት ፈገግ ብለን ዝም እንላለን። ዝምታችን የሚመጣው ጨዋታውን ካለማወቃችን ብቻ አይደለም፤ ክርክሩ ስለ ጨዋታው ይሁን ስለ ገንዘብ ወይም ስለ ፖለቲካ መለየት ስለሚያስቸግረንም ነው። ይህ መመሪያ የክሪኬትን ሕግ ከሀ እስከ ፐ አያስተምርም። የሚያሳየው በአሁኑ ጊዜ በወንዶችም በሴቶችም ክሪኬት የሚነሳን ጉዳይ ሲሰሙ ምን መጠየቅ እንዳለብዎ ነው። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ውጤት ማንበብን ይልመዱ

ዱላና ኳስን ከገና ጨዋታ እናውቃቸዋለን፤ ይሁን እንጂ ክሪኬትን በገና ዓይን ማየት ከመርዳቱ ይልቅ ማደናገሩ ይበዛል፤ ምክንያቱም እዚህ ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ጊዜ አያጠቁም። እያንዳንዱ ቡድን 11 ተጫዋቾች አሉት። አንዱ ቡድን ሲመታ ሌላው ይወረውራል፣ ሜዳውንም ይጠብቃል። መቺው ኳሷን መትቶ ከጓደኛው ጋር ቦታ ሲለዋወጥ አንድ ረን ይቆጠርለታል፤ ኳሷ መሬት ነክታ የሜዳውን ዳር ካለፈች 4፣ መሬት ሳትነካ ካለፈች 6 ረን ይሆናል። መቺ ከጨዋታው ሲወጣ አንድ ዊኬት ወደቀ ይባላል፤ 10 ዊኬት ሲወድቅ የቡድኑ ተራ ያበቃል። ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ነው።

ስለዚህ «298 ለ 7» የሚል ውጤት ሲያዩ ቡድኑ 7 ዊኬት አጥቶ 298 ረን አስመዝግቧል ማለት ነው። አውስትራሊያውያን ይህንኑ ገልብጠው «7 ለ 298» ይላሉ፤ ትንሹ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ዊኬቱ መሆኑን ካስታወሱ እምብዛም አይሳሳቱም። የአሸናፊነት አገላለጹም ሁለት መልክ አለው። ኖቬምበር 2 ቀን 2025 በናቪ ሙምባይ በተደረገው የሴቶች ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሕንድ በመጀመሪያ 298 ረን አስመዝግባ ደቡብ አፍሪካን በ246 ስላስቀረቻት «በ52 ረን አሸነፈች» ተባለ። በዚያው ዓመት ጁን ወር ለንደን በሚገኘው ሎርድስ የደቡብ አፍሪካ ወንዶች በዓለም ቴስት ሻምፒዮና ፍጻሜ አውስትራሊያን ሲረቱ ግን የተሰጣቸውን የ282 ረን ግብ ያገኙት አምስት ዊኬት ብቻ አጥተው ነበር፤ ስለዚህ የቀራቸው ተቆጥሮ «በ5 ዊኬት አሸነፉ» ተባለ።

«በየትኛው ዓይነት ጨዋታ?» ብለው ይጠይቁ

አንድ ተጫዋች ጎበዝ ነው ወይስ አይደለም የሚል ክርክር ሲነሳ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። ቴስት የሚባለው ጨዋታ ለወንዶች እስከ አምስት ቀን ይቆያል፤ የአንድ ቀን ጨዋታ ለየቡድኑ 50 ኦቨር አለው፤ ቲ20 የሚባለው ደግሞ 20 ኦቨር ብቻ ስላለው በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቃል። በቲ20 በ15 ኳስ 30 ረን ያስቆጠረ ሰው ጀግና ነው፤ በቴስት ግን ያው ሰው ዊኬቱን በችኮላ ጣለ ተብሎ ሊወቀስ ይችላል።

የሴቶች ቴስት አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀን ሲሆን በዓመት የሚደረገውም እጅግ ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት እንግሊዝና አውስትራሊያ አሽስ በሚባለው ጥንታዊ ፉክክራቸው ወንዶቹ አምስት ቴስት ሲጫወቱ፣ ሴቶቹ ሦስቱንም ዓይነት ጨዋታ ቀላቅለው በነጥብ ይወዳደራሉ፤ ቴስቱ 4 ነጥብ፣ ሌላው እያንዳንዱ ጨዋታ 2 ነጥብ አለው። በ2025 መጀመሪያ አውስትራሊያ 16 ለ 0 ስታሸንፍ ሰባቱንም ጨዋታዎች ወስዳ ነበር። ከዚያ በኋላ የተነሳው ክርክር እንግሊዝ ለምን ተሸነፈች ከሚለው አልፎ፣ ለሴቶች ተጨማሪ ቴስት ይሰጣቸው ወይስ ጊዜው ሁሉ ለአጭሩ ጨዋታ ይዋል ወደሚል ጥያቄ አመራ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የወንዶቹ አሽስ በፐርዝ ሲከፈት የመጀመሪያው ቴስት በሁለት ቀን አለቀ፤ ሰዉም ጥፋቱ የሜዳው ነው ወይስ ትዕግሥት ያጡት መቺዎች የሚል ሙግት ገጠመ።

እግረ መንገድ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የሴቶች ክሪኬት የወንዶቹን ፈለግ እየተከተለ የመጣ ነው የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ፣ የመጀመሪያው የሴቶች ዓለም ዋንጫ በ1973 ሲደረግ የወንዶቹ የተጀመረው በ1975 መሆኑን፣ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ቲ20ም በ2004 በሴቶች መካከል፣ ከወንዶቹ ወራት ቀድሞ መደረጉን ሊነግሩት ይችላሉ።

ከክርክሩ ጀርባ ያለውን ገንዘብና የቀን መቁጠሪያ ይፈልጉ

በእኔ ግምት ዛሬ በክሪኬት የሚነሱት አብዛኞቹ ጉዳዮች ሲገለጡ የሚገኘው ሁለት ነገር ነው፦ ተጫዋቹ በየትኛው ወር የት ይሁን፣ ገንዘቡስ ለማን ይድረስ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ዱባይ የሆነው ዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት 12 ሙሉ አባላት አሉት። ከ2024 እስከ 2027 ላለው ዘመን በጸደቀው ክፍፍል የሕንድ ቦርድ (የአገሪቱን ክሪኬት የሚያስተዳድረው አካል) ከዓመታዊው ገቢ 38.5 በመቶ ያህሉን ያገኛል፤ በሁለተኛ ደረጃ ያለችው እንግሊዝ 7 በመቶ እንኳ አትሞላም። ደጋፊዎች ገንዘቡን በቴሌቪዥን የሚያመጣው የሕንድ ተመልካች ነው ይላሉ። ተቃዋሚዎች ደግሞ ገንዘቡ ካለው ላይ ሲጨመርለት ዌስት ኢንዲስን (የካሪቢያን አገሮች የጋራ ቡድን) የመሳሰሉ የቀድሞ ኃያላን ተጫዋቾቻቸውን ማቆየት ያቅታቸዋል ብለው ይመልሳሉ። ቴስት የሚጫወቱ አገሮች በሁለት እርከን ይከፈሉ የሚለው ሐሳብ ሲነሳም የሚጋጩት እነዚሁ ሁለት ወገኖች ናቸው፤ በታችኛው እርከን የሚወድቅ ቦርድ ከሕንድ ጋር በመጫወት የሚያገኘውን የቴሌቪዥን ገቢ እንዳያጣ ይሰጋልና።

የቀን መቁጠሪያውን ጉዳይ ለመረዳት ከደቡብ አፍሪካ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ2024 መጀመሪያ የአገሪቱ ቦርድ ዋና ተጫዋቾቹን በአገር ውስጡ የቲ20 ሊግ እንዲቆዩ አድርጎ፣ ለቴስት ወደ ኒውዚላንድ የላከው ቀድሞ አንድም ቴስት ያልተጫወተ ሰው በካፒቴንነት የሚመራውን ቡድን ነበር። ነቀፋው እንደ ዝናብ ወረደ። በዓመቱ ግን ዋናው ቡድን በቴምባ ባቩማ መሪነት የቴስት ሻምፒዮን ሆነ፤ ያን ጊዜም በውድድሩ ዘመን ከፍጻሜው በፊት ከእንግሊዝም ከአውስትራሊያም ጋር ሳይጫወቱ ነው ለፍጻሜ የደረሱት የሚል ሌላ ወቀሳ ተከተለ። መርሐ ግብሩን የሚያወጡት ቦርዶች ተነጋግረው እንጂ ተጫዋቾች መርጠው ስላልሆነ፣ ሁለተኛው ወቀሳ ለእኔ ፍትሐዊ አይመስለኝም። በጁን 2025 ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊው ሃይንሪክ ክላሰንና ገና 29 ዓመቱ የነበረው የዌስት ኢንዲስ ኒኮላስ ፑራን ከዓለም አቀፍ ጨዋታ ተሰናበቱ። እንዲህ ዓይነት ዜና ሲሰሙ ተጫዋቾችን በክፍያ የሚስቡት የቲ20 ሊጎች የሚደረጉባቸውን ወራት ይመልከቱ፤ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እዚያ አለ።

የሴቶቹ የገንዘብ ጉዳይ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ለ2025 የሴቶች ዓለም ዋንጫ የተመደበው ሽልማት በአጠቃላይ 13.88 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ይህም ወንዶቹ በ2023 ከተወዳደሩበት 10 ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል። የሕንድ ቦርድም በኦክቶበር 2022 ለሴቶችና ለወንዶች የአንድ ጨዋታ ክፍያ እኩል እንዲሆን ወስኗል። «እኩል ክፍያ» የሚለውን ርዕስ ሲያነቡ ግን የትኛው ክፍያ እንደሆነ ይጠይቁ። ውሳኔው በተላለፈበት ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ሴት ተጫዋች ዓመታዊ የቦርድ ውል 5 ሚሊዮን ሩፒ ሲሆን፣ የከፍተኛው ደረጃ ወንድ ተጫዋች 70 ሚሊዮን ሩፒ ነበር፤ ሴቶቹ በዓመት የሚጫወቱት ጨዋታም ያነሰ ስለሆነ፣ የጨዋታ ክፍያው ቢስተካከልም እጅ ላይ የሚገባው ገንዘብ አይስተካከልም። በ2023 በአምስት ቡድን የተጀመረው የሕንድ የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ይህን ክፍተት በመጠኑ ማጥበቡ አይካድም።

ፖለቲካ ያለበትን ጉዳይ በጥያቄ ይጀምሩ

ሕንድና ፓኪስታን ከ2013 መጀመሪያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ብቻ የሚደረግ ተከታታይ ውድድር አላደረጉም፤ የሚገናኙት ብዙ አገሮች በሚሳተፉበት ዋንጫ ነው። በ2025 የሻምፒዮንስ ዋንጫ አዘጋጇ ፓኪስታን ብትሆንም ሕንድ ጨዋታዎቿን በሙሉ በዱባይ አድርጋ ዋንጫውን ወሰደች። በሴፕቴምበሩ የእስያ ዋንጫ የሕንድ ወንዶች የፓኪስታንን ተጫዋቾች ሳይጨብጡ ቀሩ፤ በፍጻሜውም ካሸነፉ በኋላ፣ የእስያ ክሪኬት ምክር ቤት ፕሬዚዳንትና የፓኪስታን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ከሆኑት ሞህሲን ናቅቪ እጅ ዋንጫውን አንቀበልም አሉ። ከሳምንት በኋላ በኮሎምቦ የሁለቱ አገሮች ሴቶች ሲገናኙም መጨባበጥ አልነበረም። የሁለቱም አገር ሰዎች በተቀመጡበት ይህን ጉዳይ የሚያነሳ እንግዳ ፍርድ ከመስጠት ይልቅ «እናንተ እንዴት አያችሁት?» ብሎ ቢጀምር ይመከራል፤ ከጨዋታው ወራት በፊት በሁለቱ አገሮች መካከል ደም የፈሰሰበት ግጭት ነበርና።

የአፍጋኒስታን ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። አገሪቱ በ2017 ሙሉ አባል ሆነች፤ በ2020 ቦርዷ ለ25 ሴት ተጫዋቾች ውል ሰጠ፤ በኦገስት 2021 ታሊባን ሥልጣን ሲይዝ ግን ሴቶቹ ተሰደዱ፣ አብዛኞቹም አውስትራሊያ ገቡ። ጃንዋሪ 30 ቀን 2025 በሜልበርን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድነት ተሰልፈው ተጫወቱ። ወንዶቹ በበኩላቸው በ2024 የቲ20 ዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደርሰዋል። ታዲያ የወንዶቹን ቡድን ማግለል ይገባል? ብለው ሲጠየቁ፣ መልስ ከመስጠትዎ በፊት የሁለትዮሽ ውድድርንና የዓለም ዋንጫን ይለዩ። የአውስትራሊያ ቦርድ ከአፍጋኒስታን ጋር የሁለትዮሽ ውድድር አላደርግም ሲል በዋንጫ ጨዋታዎች ግን ይገናኛታል። ተቺዎች ይህ ዋጋ የማያስከፍለውን ብቻ የመረጠ አቋም ነው ይላሉ፤ እኔም ወደዚህ አደላለሁ። ቢሆንም ወንዶቹ ተጫዋቾች ሴቶችን የሚከለክለውን ሕግ አላወጡትምና መቀጣታቸው ምን ይለውጣል የሚለው ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

የዳኝነት ንትርክ በአጭሩ

ዳኛው በሰጠው ውሳኔ ላይ ቡድኖች በካሜራ እንዲታይላቸው መጠየቅ ይችላሉ። መቺው በእግሩ ያስቆማት ኳስ ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች (ከተመቱ መቺው ይወጣል) ትመታ እንደነበር ኮምፒዩተሩ ሲገምት፣ እንጨቱን የምትነካው ከግማሽ በታች በሆነ አካሏ ከሆነ የሜዳው ዳኛ የመጀመሪያ ውሳኔ ይጸናል። «ያው ኳስ አንዴ ወጣ፣ አንዴ አልወጣም ይባላል» የሚለው የዘወትር ምሬት ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ሌላው ንትርክ ወርዋሪው ኳሷን ሳይለቅ ከአጠገቡ ያለው መቺ ቀድሞ መስመሩን ሲለቅ ማስወጣት ነውር ነው ወይስ ሕጋዊ የሚለው ነው። በሴፕቴምበር 2022 ሕንዳዊቷ ዲፕቲ ሻርማ እንግሊዛዊቷን ቻርሊ ዲንን በሎርድስ እንዲህ አስወጥታ ጨዋታው ሲያበቃ ዓለም ለሁለት ተከፈለ። ድርጊቱ ሕጋዊ ነበር፤ በሚቀጥለው ወር ሥራ ላይ የዋለው የሕግ ማሻሻያም ይህን ዓይነት ማስወጣት «ፍትሐዊ ያልሆነ ጨዋታ» ከሚለው ክፍል አንስቶ ከተራዎቹ የማስወጫ መንገዶች ጋር መደበው።

አንድ አገር መርጠው ሁለቱንም ቡድኖች ይከተሉ

ሁሉንም ለመከታተል መሞከር አድካሚ ስለሆነ አንድ አገር ይምረጡ፤ ከዚያም የወንዶቹንም የሴቶቹንም ቡድን እኩል ይከተሉ። ለእኛ ቅርብ የምትሆነው ደቡብ አፍሪካ ናት ብዬ አስባለሁ። ሴቶቿ በ2023 እና በ2024 የቲ20፣ በ2025 ደግሞ የአንድ ቀን ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ደርሰው ሦስቱንም ተሸንፈዋል፤ በመጨረሻው ካፒቴኗ ላውራ ዎልቫርት 101 ረን ብታስመዘግብም አልሆነም። በ2027 የወንዶቹ ዓለም ዋንጫ በደቡብ አፍሪካ፣ በዚምባብዌና በናሚቢያ እንዲካሄድ ተወስኗል። ናሚቢያ በኦክቶበር 2025 ደቡብ አፍሪካን በዊንድሁክ በመጨረሻው ኳስ መርታቷን ያዩ ሰዎች ትንሿን አዘጋጅ በንቀት አይመለከቷትም። የ2026 የሴቶች ቲ20 ዓለም ዋንጫ 12 ቡድኖችን ይዞ በእንግሊዝ ከጁን 12 እስከ ጁላይ 5 ተቀጥሯል። በ2028 ሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ደግሞ ክሪኬት ከ1900 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመለሳል፤ በየጾታው ስድስት ቡድን ብቻ ስለሚገባ፣ ማን ይቀራል የሚለው ሙግት ከወዲሁ ተጀምሯል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩ አምስት ቀኑን ትተው ቲ20 ይምረጡ፤ እሱንም ሁለተኛው ቡድን ሲመታ፣ አምስት ኦቨር ሲቀረው ይጀምሩ። በማያ ገጹ ላይ ለማሸነፍ የሚያስፈልገውን ረንና የቀረውን ኳስ ያገኛሉ። በ30 ኳስ 45 ረን ከቀረ በየኦቨሩ 9 ረን ይፈለጋል ማለት ነው፤ ብዙ ዊኬት በእጁ ላለ ቡድን ይህ የሚቻል ነው፣ ሁለት ዊኬት ብቻ ለቀረው ግን ጭንቅ ነው። ከአጠገብዎ የተቀመጠውን የሥራ ባልደረባ «ዊኬት ስንት ቀራቸው?» ብለው ቢጠይቁት ቀሪውን እሱ ራሱ ያስረዳዎታል።