ሳልሳ፣ ባቻታና ሜሬንጌ፦ ከጆሮ ወደ እግር የሚሄድ የልምምድ መመሪያ

የላቲን ዳንስ ለመልመድ የሚነሣ ሰው በአብዛኛው የሚጠይቀው ግራ እግሩን ወዴት፣ ቀኙን ወዴት እንደሚያኖር ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መቅደም ያለበት ግን ማዳመጥ ነው፤ ምክንያቱም እነዚህ ዳንሶች የተወለዱት በየአገራቸው መሣሪያዎች ዙሪያ ስለሆነ፣ እርምጃው የት ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው ከመሣሪያዎቹ የሚወጣው ምት ነው። የዳንሱን አመጣጥ ያወቀ ሰው ሙዚቃው እንደተጀመረ ጆሮውን ወዴት እንደሚጥል ያውቃል፤ ያላወቀ ግን እርምጃዎቹን በቃሉ ቢይዛቸውም ከሙዚቃው ጋር ሳይገናኝ ይቀራል።

ለጀማሪ የምመርጠው ሜሬንጌን ነው። አገሩ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሲሆን፣ የገጠሩ ሜሬንጌ የሚቆመው በአኮርዲዮን፣ ታምቦራ በሚባለው ሁለት ፊት ባለው ከበሮ እና ጉዊራ በሚባለው፣ ላዩ ሸካራ ሆኖ በሽቦ በሚፋቅ የብረት መሣሪያ ላይ ነው። የከተማው ባለጸጋ ይንቀው የነበረውን ይህን ሙዚቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 ሥልጣን የያዘው አምባገነኑ ራፋኤል ትሩሂዮ ለፖለቲካ ቅስቀሳ ስለተጠቀመበት የአገሪቱ መለያ ለመሆን በቃ። እርምጃው ቀላል ነው፤ በእያንዳንዱ ምት አንድ እግር ያርፋል፣ ዕረፍት የለውም። ስለዚህ እዚህ ላይ ሊለመድ የሚገባው የዳሌ እንቅስቃሴ ነው። ጉልበትዎን በትንሹ አጥፈው እግርዎን ያሳርፉ፤ ክብደትዎን ሙሉ በሙሉ ሲጥሉበት ጉልበቱ ይዘረጋል፣ ዳሌውም በራሱ ወደዚያው ጎን ይወጣል። ዳሌን ሆን ብሎ ማወዛወዝ አያስፈልግም። በእስክስታ ያደገ ሰው ምት ሲሰማ ትከሻው ቀድሞ ስለሚነሣ፣ መጀመሪያ ላይ ትከሻውን አሳርፎ ከወገብ በታች ብቻ ቢለማመድ ይጠቅመዋል።

ባቻታም የዚያው አገር ልጅ ነው። ትሩሂዮ በ1961 ከተገደለ በኋላ፣ በ1962 ዘፋኙ ሆሴ ማኑኤል ካልዴሮን የመጀመሪያዎቹን የባቻታ ዘፈኖች አስቀረጸ። ለብዙ ዓመታት የድሆች ሰፈርና የመጠጥ ቤት ሙዚቃ ተብሎ ተንቆ ከቆየ በኋላ፣ ዘፋኙ ሁዋን ሉዊስ ጌራ በ1990 ባወጣው አልበም በዓለም አቀፍ መድረክ ክብር አገኘ። ጆሮዎን በጊታሩ ላይ ይጣሉና እስከ 4 ይቁጠሩ፤ በ1፣ በ2 እና በ3 ወደ ግራ ይራመዱ፣ በ4 ላይ ቀኝ እግርዎን ክብደት ሳይጥሉበት መሬት ያስነኩ፣ ከዚያ በዚያው እግር ወደ ቀኝ ይመለሱ። አራተኛው ላይ ክብደት የጣለ ሰው ቀጣዩን እርምጃ የሚጀምርበት እግር ያጣል። በስፔን የዳበረው፣ ሰውነትን እንደ ማዕበል የሚያንቀሳቅሰው ስልት ዛሬ በየአዳራሹ ቢዘወተርም፣ በእኔ እምነት የዶሚኒካኑን የእግር ሥራ ሳይዙ ወደዚያ መሻገር ዳንሱን ባዶ ያደርገዋል።

ሳልሳ ረዘም ያለ ትዕግሥት ይጠይቃል። ግንዱ ሶን የተባለው የምሥራቅ ኩባ ሙዚቃ ነው፤ የስፔን ጊታር ዘር የሆነው ትሬስና ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች የከበሮ ጥበብ በዚያ ተገናኙ። ሶን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሃቫና ከገባ በኋላ፣ ዓይነ ስውሩ የትሬስ ተጫዋች አርሴንዮ ሮድሪጌስ በ1940ዎቹ ኮንጋ የተባለውን ረጅም ከበሮ፣ ፒያኖና ተጨማሪ ትራምፔቶች አክሎ አገዘፈው። ቀጥሎም በኒው ዮርክ ፓላዲየም አዳራሽ ማምቦ የተባለው የኩባ የዳንስ ሙዚቃ ነገሠ፤ በ1964 ደግሞ ዶሚኒካኑ ጆኒ ፓቼኮና ጠበቃው ጄሪ ማሱቺ ፋኒያ የተባለውን የሙዚቃ ኩባንያ መሠረቱ። ዛሬ ሳልሳ የምንለው በኩባ ግንድ ላይ በኒው ዮርክ ያደገው፣ በተለይ የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች ያጎለመሱት ሙዚቃ ነው።

የሳልሳ ቁልፍ ክላቬ ነው፤ በሁለት አጫጭር እንጨቶች የሚመታ ባለ አምስት ምት ስልት። እስከ 8 በዝግታ እየቆጠሩ በእግርዎ መሬቱን እኩል ይምቱ፤ ከዚያ በ1 ላይ፣ በ2ና በ3 መካከል፣ በ4 ላይ፣ በ6 ላይ እና በ7 ላይ ያጨብጭቡ። እጅ ከእግር ጋር ሳይጋጭ እስኪሄድ ድረስ ወደ ሌላ አይለፉ። ቀጥሎ ኮንጋውን ይፈልጉ፤ በ4 እና በ8 አካባቢ ሁለት ክፍት ድምፆች ተከታትለው ይወጣሉ። ዘፋኙና ተቀባዮቹ መቀባበል ሲጀምሩ ደግሞ ቦንጎ መቺው ከበሮውን ትቶ ቃጭል ያነሣል፤ ጠንካራ ምቱ በ1፣ በ3፣ በ5 እና በ7 ላይ ስለሚወድቅ፣ ቁጥር የጠፋበት ሰው መንገዱን የሚያገኘው በዚህ ቃጭል ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 በኒው ዮርክ ያወጣቸው የአፍሮ-ላቲን አልበሞችም ለዚህ ዓይነቱ የማዳመጥ ልምምድ መልካም ናቸው።

አሁን እግር ይከተል። መሪው በ1 ግራ እግሩን ወደ ፊት ያስቀምጣል፣ በ2 ቀኙን ባለበት ይረግጣል፣ በ3 ግራውን ይመልሳል፣ በ4 ያርፋል፤ በ5 ቀኙን ወደ ኋላ፣ በ6 ግራውን ባለበት፣ በ7 ቀኙን ወደ መሐል አድርጎ በ8 ያርፋል። ተከታዩ በ1 ቀኝ እግሩን ወደ ኋላ በመውሰድ ይጀምራል። ይህ በሎስ አንጀለስ የታወቀው፣ በ1 ላይ የሚሰበር፣ ማለትም እርምጃው አቅጣጫ የሚቀይርበት ምት 1 የሆነ ስልት ነው። የዳንስ መምህሩ ኤዲ ቶሬስ ያስፋፋው የኒው ዮርኩ ስልት በ2 ላይ ሲሰበር ለኮንጋው ይበልጥ ይቀርባል። ሁለቱም በቀጥታ መስመር ላይ የሚሄዱ ሲሆኑ፣ ከሃቫና የመጣው ካሲኖ ግን ጥንዶቹን በክብ ያዞራቸዋል። የኮሎምቢያዋ ካሊ ስልት በፈጣን እግር ይታወቃል፤ በዚያች ከተማ በደቂቃ 33 ዙር እንዲሽከረከሩ የተሠሩ የሙዚቃ ሸክላዎችን በ45 ዙር እያፈጠኑ እያጫወቱ ይጨፍሩ ነበር። አንዱን መርጠው ቢያንስ እስኪደላደሉበት ድረስ ከሌላው ጋር አያደባልቁት።

ቻቻቻ የሳልሳ እርምጃ ለያዘ ሰው አያስቸግርም። ቫዮሊን ተጫዋቹ ኤንሪኬ ሆሪን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሃቫና ውስጥ ምቱን ስላቀዘቀዘው፣ ለሦስት ፈጣን እርምጃዎች ቦታ ተገኘ፤ በ2 እና በ3 ዝግ ብለው ረግጠው፣ ከ4 እስከ 1 ባለው ጊዜ ሦስቱን ያከታትሉ።

ከተጣማሪ ጋር ሲቆሙ ጣቶችዎን ብቻ እንደ መንጠቆ አጠፍ አድርገው ያያይዙ እንጂ በአውራ ጣት አይጨብጡ፤ የተጨበጠ እጅ ሲዞር አንጓን ይጎዳል። ሁለታችሁም በአንድ ምት ላይ መሆናችሁን እስክታረጋግጡ ድረስ መሠረታዊውን እርምጃ ብቻ ይደጋግሙ። ለማዞር ሲፈልጉ 3 ላይ ሲደርሱ እጅዎን ከተጣማሪዎ ራስ በላይ ከፍ ያድርጉ፣ አይጎትቱ፤ ተጣማሪዎ በ5፣ በ6 እና በ7 በራሱ እርምጃ ወደ ቀኙ ዞሮ ሲጨርስ እጅዎን በዝግታ ወደ ወገብ ከፍታ ይመልሱ።