ሴሎች አብዝተው ፕሮቲን እንዲሰጡ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ላቦራቶሪዎች

እ.ኤ.አ. በ1957 ቴዎዶር ፐክ ከአንዲት የቻይና ሃምስተር እንቁልጢ ያወጣቸው ሴሎች ዛሬ የብዙ ፕሮቲን መድኃኒቶች ማምረቻ ሆነዋል። የተፈለገው ዘረመል ይገባባቸዋል፤ እነሱም ፕሮቲኑን ሠርተው ወደሚያድጉበት ፈሳሽ ይለቁታል። ምርቱ ሲያንስ ብዙ ሰው ዘረመሉን ለመቀየር ይቸኩላል። ድሬዳዋ ወይም ሐረር ላይ የሚሠራ ግን አስቀድሞ ኢንኩቤተሩን፣ ማለትም ሴሎቹ የሚያድጉበትን ሙቀቱና ጋዙ የሚስተካከል ሣጥን፣ ይመርምር።

ከጋዙ ይጀምሩ። መመሪያው 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይላል፤ ጋዙ በፈሳሹ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሟሟ የሚወስነው ግን ግፊቱ እንጂ መቶኛው አይደለም። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ በባሕር ጠለል ላይ ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። 5 በመቶው የ4 በመቶ ያህል ብቻ ይሠራል ማለት ነው። ስለዚህ ሐረር ላይ ወደ 6.2፣ ደንገጎን ወርደው ድሬዳዋ ሲደርሱ ወደ 5.7 ያድርጉት። ከፍታ የሚሞላባቸው ኢንኩቤተሮች አሉ፤ የእርስዎ ከእነዚያ ከሆነ ሁለት ጊዜ እንዳያርሙ። የመጨረሻው ዳኛ ፒኤች፣ ማለትም የፈሳሹ የአሲድነት ልኬት ነው። ናሙናውን እንደቀዱ ወዲያው ይለኩ፤ ጋዙ በደቂቃዎች ውስጥ ይተንናል። ፈሳሹ ቀይ ቀለም ያለው ከሆነና ወደ ሐምራዊ ካዘነበለ ጋዙ አንሷል።

ቀጥሎ ሴሎቹ። ዘረመሉን ከማስገባትዎ በፊት ከመቶ ከ95 የማያንሱት በሕይወት ያሉና በመራባት ላይ ያሉ ይሁኑ። የማይኮፕላዝማ ምርመራ አይዝለሉ፤ ይህ ተውሳክ ፈሳሹን ሳያደፈርስ ምርቱን ይበላል።

ትልቁ ትርፍ ከሙቀቱ ነው። ሴሎቹ በ37 ዲግሪ ለጥቂት ቀናት ተባዝተው ከበዙ በኋላ ወደ 32 ያውርዱት። መከፋፈላቸው ይቀዘቅዛል፣ ዕድሜያቸው ይረዝማል፣ ፕሮቲን መሥራታቸው ግን ይቀጥላል። ለሁሉም ፕሮቲን አይሠራም፤ ለብዙው ይሠራል። ችግሩ ተራ ኢንኩቤተር ማሞቅ እንጂ ማቀዝቀዝ አለመቻሉ ነው፤ ክፍሉ ከተፈለገው ሙቀት በ5 ዲግሪ ያህል ዝቅ ማለት አለበት። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ክፍል ራሱ ከ32 ሊበልጥ ይችላል፤ ያኔ ማሳያው ላይ 32 መሙላት ከንቱ ነው። የሚያቀዝቅዝ ኢንኩቤተር ወይም እስከ 25 የሚወርድ አየር ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል። ሐረር ላይ የአየሩ ጠባይ ራሱ ያግዛል።

ምግቡን በትንሽ በትንሹ ይስጡ። ግሉኮስ ሲበዛ ሴሎቹ ላክቴት የተባለ ተረፈ ምርት ያከማቻሉ፤ ላክቴቱ ደግሞ እድገታቸውን ያፍናል። ግሉኮሱን በየቀኑ እየለኩ ሲያንስ ብቻ ይጨምሩ።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ያልተነካ ብልቃጥም ጎን ለጎን ይያዙ። በሕይወት ያሉት ሴሎች ከመቶው ወደ 80 ሲወርዱ ከዚያ በላይ ሳይጠብቁ ምርቱን ይሰብስቡ፤ የሞቱ ሴሎች ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችን ይለቃሉ። ፈሳሹን በሴንትሪፉጅ አሽከርክረው ሴሎቹን ይለዩ፣ በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ ያጣሩና ወዲያው ወደ 4 ዲግሪ ያስገቡት።