የትልቅ ጨዋታ ውርርድ በጓደኛሞች መካከል ጭቅጭቅ ሳይነሳ እንዴት ይዘጋጃል?

የዓለም ዋንጫ ወይም የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ሲደርስ በየመሥሪያ ቤቱና በየሰፈሩ አንድ ሰው ብድግ ይልና «ሃምሳ ሃምሳ ብር አዋጡ፣ ውጤቱን ያገኘ ይወስዳል» ይላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ኳስ አይቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር እስከ መጨረሻው ደቂቃ ያፈጣል። የሚበላሸው ደንቡ ሳይነገር ብር ስለሚሰበሰብ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለው ኳሱ ከመጀመሩ በፊት ነው።

መጀመሪያ መዋጮውን ወስኑ። መነሻችሁ ከመካከላችሁ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያገኘው ሰው ይሁን። መጠኑ ከበዛ ሰው የሚገባው ይሉኝታ ይዞት ነው፤ በይሉኝታ የገባ ደግሞ ሲሸነፍ ቅር ይለዋል። አንድ ሰው አንድ ግምት ብቻ ይያዝ። ሰብሳቢው ኮሚሽን የሚባል ነገር አይንካ፤ አሥር ብርም ቢሆን ከቆረጠ የጓደኛ ጨዋታነቱ ያበቃል። ደመወዙን በውርርድ ቤት እየጨረሰ የተቸገረ ጓደኛ ካላችሁም አታግቡት፤ ጨዋታውን አብሯችሁ ይይ፣ ሻይ ጋብዙት። ሳዑዲና ኩዌት ያላችሁ ደግሞ ቁማር በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ብሩን ትታችሁ ግምቱን ብቻ ተጫወቱ።

ቀጥሎ ዓይነቱን ምረጡ። ሁሉም ኳስ የሚያውቅ ከሆነ እያንዳንዱ የራሱን ግምት ይጻፍ። የማያውቅ ከበዛ ግን ዕጣ ይሻላል። ከ0ለ0 እስከ 3ለ3 ያሉትን 16 ውጤቶች በደብተር ወረቀት ቁራጭ ላይ ጻፉ፤ 17ኛውን «ሌላ ማንኛውም ውጤት» በሉት። የቡድኖቹን ስም ከቁጥሩ ጎን መጻፍ አትርሱ፤ «2ለ1» ብቻ የሚል ወረቀት ማን እንዳሸነፈ አይናገርም። አጣጥፋችሁ ኮፍያ ውስጥ ጨምሩና አስወጡ። «ሌላ» የደረሰው ሰው ወዲያው ፊቱን ያጠቁራል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2025 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ፓሪስ ሴንት ዠርማ ኢንተር ሚላንን 5ለ0 ሲረታ ብሩን የሚበላው ያቺ ወረቀት ነበረች። እኔ ዕጣውን እመርጣለሁ። በግምት ጊዜ ግማሹ ሰው 2ለ1 ይጽፍና ሲያሸንፍ የሚከፋፈለው የታክሲ ብር ይሆናል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚጣላበት ቦታ ላይ ደረስን፤ የሚቆጠረው የስንተኛው ደቂቃ ውጤት ነው?

የኳታሩን የ2022 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አስታውሱ። አርጀንቲና ፈረንሳይን እስከ 79ኛው ደቂቃ 2ለ0 ትመራ ነበር። የፈረንሳዩ ምባፔ በ80ኛውና በ81ኛው አከታትሎ አገባና መደበኛው ሰዓት 2ለ2 አለቀ። በጭማሪው 30 ደቂቃ የአርጀንቲናው ሜሲ በ108ኛው፣ ምባፔ በ118ኛው አገቡና 3ለ3 ሆነ። ከዚያ አርጀንቲና በመለያ ምት 4ለ2 ዋንጫውን ወሰደች። በእኛ መሥሪያ ቤት 2ለ2 ያለው፣ 3ለ3 ያለውና «አርጀንቲና ታሸንፋለች» ብሎ የጻፈው ሦስቱም «ብሩ የኔ ነው» አሉ። ደንቡ አስቀድሞ ስላልተጻፈ ከሦስቱ የተሳሳተ አልነበረም። ብሩን ለሦስት ተካፈሉት፤ ሁለቱ ግን ለረጅም ጊዜ አልተነጋገሩም።

ይህ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያጋጥም እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2022 ከተደረጉት 5 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜዎች በመደበኛው ሰዓት ያለቀው የ2018ቱ ብቻ ነው።

የእኔ ምክር መደበኛው ሰዓት ይቆጠር የሚል ነው። ሰው ሲገምት በልቡ የሚያስበው እሱን ነው፤ አቻ ብሎ የገመተም ዕድል ያገኛል። አጻጻፉ ላይ ግን ተጠንቀቁ። «90 ደቂቃ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ውኃ ቀጠነ የሚል አይጠፋም። በ2014 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ሊዝበን ላይ የሪያል ማድሪዱ ራሞስ በአትሌቲኮ ማድሪድ ላይ የአቻነቷን ጎል ያገባው በ93ኛው ደቂቃ፣ በባከነ ሰዓት ነበር፤ ጨዋታው በጭማሪው 4ለ1 አለቀ። እንዲህ ጻፉት፦ «የባከነ ሰዓትን ጨምሮ ዳኛው የመደበኛውን ሰዓት የመጨረሻ ፊሽካ ሲነፋ ያለው ውጤት። ጭማሪው 30 ደቂቃና የመለያ ምት አይቆጠሩም።»

ግምት ከመረጣችሁ ሁለት ነገር ይቀራል። ብዙ ሰው እኩል ካገኘ መለያው የመጀመሪያው ጎል ደቂቃ ይሁን፤ እያንዳንዱ ከውጤቱ ጋር አብሮ ይጻፈው፣ የቀረበው ያሸንፋል። በቪዲዮ ዳኝነት የተሻረ አይቆጠርም፣ በራስ ላይ የገባ ይቆጠራል፣ 45+2 ማለት 45 ነው። ትክክለኛውን ውጤት ማንም ካላገኘ ደግሞ መጀመሪያ አሸናፊውን ወይም አቻነቱን ያገኙትን ለዩ፤ ከእነሱም በጎል ልዩነት የቀረበውን።

ብሩ በአንድ ሰው ቴሌብር ይግባ፤ የላኪው ስምና ሰዓት ተመዝግቦ ይቀራል። ጥሬ ብር ከተቀበላችሁ «ሰጥቻለሁ» «አልሰጠህም» ይመጣል። ዱቤ የለም፣ ያልከፈለ ስሙ አይመዘገብም። መዝጊያው ሰዓት የቡድኖቹ አሰላለፍ ከመውጣቱ በፊት ይሁን፤ ጨዋታው ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው መዝጋት በቂ ነው። ግምት በቴሌግራም ግሩፕ የምትቀበሉ ከሆነ መልእክት ተመልሶ እንደሚታረም አትዘንጉ። ሰዓቱ ሲደርስ ዝርዝሩን በእጅ ጽፋችሁ፣ ደንቡን ከላይ አስፍራችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ ግሩፑ ላይ ፒን አድርጉት። ከዚያ በኋላ የሚገባ የለም፣ አለቃም ቢሆን።

አሸናፊው ይጋብዛል ወይስ አይጋብዝም የሚለውንም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኔ አስገዳጅ ባይሆን እላለሁ፤ ያሸነፈው ቤት ኪራይ የደረሰበት ሰው ሊሆን ይችላል።

ክፍያው እዚያው ማታ ይፈጸም፣ የቴሌብሩ ማረጋገጫም ግሩፑ ላይ ይለጠፍ። ጨዋታው ዘግይቶ ቢጀመር፣ የ2022ቱ የፓሪስ የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ከግማሽ ሰዓት በላይ እንደዘገየው ማለት ነው፣ ምንም አይለወጥም። ተቋርጦ በዚያው ዕለት ካልተጠናቀቀ ግን ለሁሉም ብሩ ይመለሳል።