በወረዳ ምክር ቤት ለዩቲሊታሪያኒዝም እንዴት እንሟገት?

ዩቲሊታሪያኒዝም ትክክለኛ ውሳኔ የሚለው ጥቅምና ጉዳቱ ተደምሮ ለሚነካቸው ሰዎች ሁሉ ከሌሎቹ አማራጮች የተሻለ ደኅንነት የሚያመጣውን ነው። የዚህ አስተሳሰብ አባት የሚባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም በ1789 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ከግብረ ገብ ጋር ሕግ ማውጣትንም ያነሳል። እናንተም ሙግታችሁን በሕዝብ ውሳኔ ላይ ብቻ አጥብቡ። አባት ለልጁ ቢያዳላ ማን ይፈርድበታል? የሕዝብ በጀት የያዘ ሰው ግን ለሰፈሩ ማዳላት አይችልም።

መጀመሪያ የሚመጣባችሁ «ብዙኃኑ ጥቂቱን ይውጣል» የሚለው ነው። በቃል አትመልሱ፤ አስሉ። መንዝ ውስጥ ለአንድ የውኃ ቦኖ ብቻ በጀት አለ እንበል። ላይኛው ጎጥ 60 ቤተሰብ አለው፤ ቦኖው በቀን ለእያንዳንዱ 30 ደቂቃ ያተርፍለታል፤ ድምሩ 1,800 ደቂቃ። ታችኛው ጎጥ 25 ቤተሰብ ብቻ ነው፤ ምንጩ ገደል ሥር ስለሆነ ግን ለእያንዳንዱ 2 ሰዓት ይተርፋል፤ 3,000 ደቂቃ። እጅ ቢወጣ ላይኛው ያሸንፋል፤ በዚህ ስሌት ታችኛው።

ሙግቱ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ላይ ነው። ውኃ የሚቀዱት ሴቶችና ልጆች ሆነው ሳለ ስብሰባ ላይ የሚናገሩት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ስለዚህ ማለዳ ምንጩ ድረስ ውረዱ፤ የመንገዱንና የወረፋውን ጊዜ ለየብቻ፣ በበጋም በክረምትም መዝግቡ። የተረፈውን ሰዓት ቆጥራችሁ በዚያው ሰዓት የሚገኘውን ገቢ አትደምሩ፤ አንዱን ጥቅም ሁለቴ መቁጠር ነው፤ ተቃዋሚ በዚያች ስህተት ሙሉውን ሰነድ ይጥለዋል። ቦኖው የሚያርፍበትን መሬት ባለይዞታ ጉዳትም እዚያው ወረቀት ላይ ጻፉ።

«ለብዙዎች ጥቅም አንድ ገበሬ ያለ ካሣ ይነቀል ማለታችሁ ነው?» ከተባላችሁ፣ የሚመዘነው የአንድ ቀን ድርጊት ሳይሆን ደንቡ ነው በሉ። በመንዝ ያለውን የጋራ የሣር ምድር፣ ጓሳን ተመልከቱ፤ አንድ ሰው አንድ ሸክም ሣር ቢያጭድ ጉዳቱ አይታይም፤ ሁሉም እንዳሻው ቢያጭድ ግን ሣሩ ያልቃል። ለዚህ ነው የመንዝ ሰው ለዓመታት ዘግቶ ያቆየው። እንደዚሁ አንድ ይዞታ ያለ ካሣ ከተወሰደ፣ ነገ በማሳው ላይ ተማምኖ እርከን የሚሠራ አይገኝም። ይህ ስጋት ራሱ ጉዳት ሆኖ ይቆጠራል።

«መብት ይቀድማል» ለሚልም፣ ሁለት መብቶች ሲጋጩ በምን እንደሚዳኝ ይንገራችሁ። ውኃ የ60ዎቹም የ25ቱም መብት ነው።

ጤናንና ሰዓትን ግን በግድ ወደ ብር አትለውጡ። በተለያየ ረድፍ አስቀምጡ፤ ምክር ቤቱ የትኛውን ለምን እንዳስበለጠ በቃለ ጉባኤ እንዲያሰፍር ጠይቁ።