የኮሌጅ ፉትቦል ሚዛኑን ስቷል? በደብተር የሚጣራ ጥያቄ

በየዓመቱ ነሐሴ ሲያልቅ፣ የኦሃዮዋ ኮሎምበስ ከተማ ወሬ ሁሉ ወደ ፉትቦል (ኳሱ በእጅ ተይዞ ወደሚሮጥበት የአሜሪካኖች ጨዋታ) ሲዞር፣ በመምህራን ክፍላችን ሁለት ክሶች ይደመጣሉ። አንዱ «ዋንጫው ከእነዚያው ከአራት ከአምስቱ እጅ አይወጣም» የሚል ነው። ሌላው «ገንዘብ ገብቶበት ጣዕሙ ጠፋ» የሚል ነው። ሁለቱም በስሜት ይነገራሉ፣ በስሜትም ይስተባበላሉ። እኔ የሂሳብ መምህር ነኝና ክርክር ቁጥር ላይ እስካልቆመ ድረስ አያረካኝም። ከዚህ በታች የምጽፈው የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ሚዛኑን መሳት አለመሳቱን ማንኛውም ተመልካች በራሱ እጅ እንዴት ማጣራት እንደሚችል ነው። የሚያስፈልገው ደብተር፣ እስክሪብቶና ያለፉ ውጤቶችን የሚያሳይ ስልክ ብቻ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ «የ2024 የውድድር ዘመን» ስልም በጥር 2025 የተጠናቀቀውን ማለቴ ነው።

ከመቁጠርዎ በፊት ሁለቱን ክሶች ይለያዩ። ሚዛን ማለት ማን ማንን ማሸነፍ ይችላል የሚለው ነው፤ ጣዕም ደግሞ ሰው ለምን ተቀምጦ ያያል የሚለው ነው። ሁለቱ ይነካካሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ለየራሳቸው ገጽ ይስጧቸው።

ይህ ውድድር ከለመድነው ሊግ የሚለይበትን ነገርም አስቀድመው ይያዙ። በ2025 በከፍተኛው ደረጃ የተጫወቱት ዩኒቨርሲቲዎች 136 ናቸው። እንደ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በውጤቱ ወደ ታች የሚወርድ የለም። እንደ ፕሮፌሽናሉ ኤን ኤፍ ኤልም ከሁሉ ያነሰው ቡድን ከአዲሶቹ ተጫዋቾች ቀድሞ የሚመርጥበት ሥርዓት የለም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው የሚሄድበትን ራሱ ይመርጣል፤ ጎበዙ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው አሸናፊውን ነው። ላለው ይጨመርለታል። ስለዚህ «ሚዛኑ ጠፋ» ለሚል ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ ነበረ?» መሆን አለበት። ኦክላሆማ ከ1953 እስከ 1957 ድረስ 47 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፏል። እስከ 1973 ድረስ አገር አቀፍ የስኮላርሺፕ ገደብ ስላልነበረ ሀብታሙ ዩኒቨርሲቲ ተቀናቃኙ እንዳያገኛቸው ብቻ ብሎ እንኳ ተጫዋቾችን ማከማቸት ይችል ነበር። አንድ ቡድን በስኮላርሺፕ የሚይዛቸው ተጫዋቾች ገደብ በ1973 105፣ በ1978 95፣ በ1990ዎቹም 85 ሆነ። የድሮውን ዘመን የእኩልነት ዘመን አድርጎ የሚያወራ ሰው ይህን አይጠቅስም።

አሁን የመጀመሪያውን ገጽ ይክፈቱ፤ ርእሱን «እነማን ገቡ» ይበሉት። ከ2014 እስከ 2023 የውድድር ዘመን ድረስ ለዋንጫው የሚፋለሙት አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። አሥር ዓመት በአራት ሲባዛ 40 ቦታ ነው። በየዓመቱ የገቡትን ስም ይጻፉና ይደምሩ። አላባማ 8 ጊዜ፣ ክሌምሰን 6፣ የከተማዬ ኦሃዮ ስቴት 5፣ ኦክላሆማ 4 ጊዜ ገብተዋል። አራት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 ቦታ 23ቱን ያዙ ማለት ነው። በአሥሩ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ የገቡት ሁሉ ተደምረው 15 ናቸው። ከትናንሾቹ ኮንፈረንሶች (ዩኒቨርሲቲዎቹ ከሚወዳደሩባቸው ማኅበራት) የገባ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በ2021 ሲንሲናቲ። በዚህ ገጽ ላይ ከሳሾቹ እውነት አላቸው፤ እኔም ያለ ማመንታት እመሰክርላቸዋለሁ።

ሁለተኛው ገጽ የነጥብ ልዩነት ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ስም ብቻ ቆጥሮ መፍረድ አይቻልም፤ በአንድ ነጥብ የተሸነፈና በአርባ ነጥብ የተሸነፈ እኩል አልተሸነፉም። በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ የተደረጉት የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታዎች 20 ናቸው። የእያንዳንዱን ልዩነት ይጻፉና ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደርድሯቸው። ደብተሬ ላይ እንዲህ ይነበባል፦ 1፣ 6፣ 6፣ 6፣ 6፣ 7፣ 7፣ 11፣ 17፣ 17፣ 18፣ 20፣ 21፣ 21፣ 23፣ 27፣ 31፣ 35፣ 38፣ 39።

አሁን ድርድሩን 8 ላይና 17 ላይ በቀይ ይቁረጡት። ምክንያቱ የጨዋታው ሕግ ነው። አንድ ተችዳውን (ኳሱን እስከ ተጋጣሚው የመጨረሻ ክልል ማድረስ) 6 ነጥብ ነው፤ ተከትሎ የሚመጣው ዕድል ቢበዛ 2 ይጨምራል። ስለዚህ በ8 ወይም ከዚያ ባነሰ የሚመራን ቡድን አንዴ ኳስ ይዞ በመሄድ ማቻቻል ይቻላል። በ17 የሚመራን ግን ሦስት ጊዜ ማስቆጠር ግድ ነው፤ ሁለት ጊዜ ስምንት 16 ነውና። እንግዲህ ይቁጠሩ፤ ከ20ው ጨዋታ እስከ መጨረሻው ደቂቃ የተንጠለጠሉት 7 ብቻ ናቸው፣ በ17 ወይም ከዚያ በላይ የተጠናቀቁት ግን 12። ይህ ሚዛን የሚደፋ ማስረጃ ነው። ከአራቱ ምርጥ ከተባሉት መካከል እንኳ ልዩነቱ ሰፊ ነበር።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፤ ተማሪዎቼንም ሁልጊዜ የማስጠነቅቃቸው ነው። አማካይን ብቻ አይመኑ። የአሥሩን የፍጻሜ ጨዋታዎች ልዩነት ብትደምሩት 201 ይሆናል፤ አማካዩ 20.1። ከመካከላቸው ግን የ2022ቱ ጆርጂያ ቲ ሲ ዩን 65 ለ 7 ያሸነፈበት አለ። ያንን አንዱን ብታወጡት አማካዩ ወደ 16 ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ከአማካዩ ጎን በድርድሩ መሐል ላይ የተቀመጠውን ቁጥርም ይጻፉ። በግማሽ ፍጻሜዎቹ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፤ አማካዩ 17.85፣ መሐለኛው 17.5። ሁለቱ ሲስማሙ ውጤቱን በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል።

ከ2024 ጀምሮ የሚገቡት 12 ስለሆኑ አዲስ መስመር አስምረው ይቀጥሉ። በዚያ ዓመት በመጀመሪያው ዙር የተደረጉት አራቱም ጨዋታዎች በ10 ወይም ከዚያ በላይ ተጠናቀቁ፤ አራቱንም ባለሜዳዎቹ አሸነፉ። ብዙ ሰው «በሩን ማስፋት ከንቱ ነው» ብሎ የደመደመው ያኔ ነው። በዓመቱ ግን ማያሚ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን በሜዳው 10 ለ 3፣ አላባማም ኦክላሆማን በሜዳው 34 ለ 24 አሸነፉ። የአንድ ዓመት ውጤት ላይ ቆሞ አዋጅ ማወጅ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ ይታያል።

ሦስተኛው ገጽ የተጫዋቾች ፍልሰት ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እዚህ የሚጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በችሎታ ደረጃቸው ባለ አራትና ባለ አምስት ኮከብ ተብለው የተመዘገቡ ወጣቶች የት ሄዱ የሚለው። ለዓመታት ዋንጫውን የወሰዱት ሁሉ ከመለመሏቸው ከግማሽ በላይ እንደነዚህ ያሉ ነበሩ። ከዚያ ሁለት በሮች ተከፈቱ። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቀደላቸው፤ ዝውውርም በዚያው ዓመት ያለ አንድ ዓመት ቅጣት አንድ ጊዜ፣ በ2024 ደግሞ ያለ ገደብ ሆነ። በሰኔ 2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት ዩኒቨርሲቲው ራሱ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ለስፖርተኞቹ ማካፈል ይችላል።

ሁሉም ሰው ይህ ሀብታሙን ብቻ ያጠነክራል ብሎ ነበር። ኢንዲያናን እንይ። የ2025 የውድድር ዘመን ሲጀመር ከዚህ ደረጃ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል በታሪኩ የኢንዲያናን ያህል የተሸነፈ አልነበረም። በ2023 ከ12 ጨዋታ ያሸነፈው 3 ነው። ከዚያ ኬርት ሲግኔቲ የተባለውን አሰልጣኝ ከጄምስ ማዲሰን አመጣ፤ ከሱ ጋር ከአሥር በላይ ተጫዋቾች ተከትለው መጡ። ቆየት ብሎ ፈርናንዶ ሜንዶዛ የተባለው ተጫዋች ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። የእኛን ኦሃዮ ስቴትን 13 ለ 10፣ አላባማን 38 ለ 3፣ ኦሪገንን 56 ለ 22 አሸንፎ ፍጻሜ ደረሰ፤ በጥር 2026 ማያሚን 27 ለ 21 ረትቶ የዓመቱን 16 ጨዋታ ሁሉ አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ። ባለ ብዙ ኮከብ ወጣቶች ስብስብ አልነበረም። የድሮው ሥርዓት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ቡድን በሁለት ዓመት አይገነባም ነበር።

እንግዲህ ገንዘብና ዝውውር ሚዛኑን አቃኑት? ከላይ ላይ፣ አዎ፣ እኔ እንዲያ እላለሁ። ነገር ግን ዓምዱን ወደ ታችም ያንብቡት። ከገቡት ስም ጎን «ማን ወሰደባቸው» የሚል ዓምድ ይጨምሩ። በ2025 ከትናንሾቹ መካከል ሁለት ቡድኖች ገቡ፤ ቱሌንና ጄምስ ማዲሰን። ቱሌን በኦሌ ሚስ 41 ለ 10፣ ጄምስ ማዲሰን በኦሪገን 51 ለ 34 ተሸነፉ። ሽንፈቱ አይደለም የሚያሳዝነኝ። የቱሌን አሰልጣኝ ወደ ፍሎሪዳ፣ የጄምስ ማዲሰኑ ወደ ዩ ሲ ኤል ኤ መሄዳቸው ገና ውድድሩ ሳይጀመር ተነግሮ ነበር። ትንሹ ዩኒቨርሲቲ ያፈራውን ሰው ገና ፍሬውን ሳይቀምስ ይነጠቃል። ኦሌ ሚስም ቢሆን አሰልጣኙ ከዚያው ውድድር በፊት ወደ ኤል ኤስ ዩ ሄዶበታል። በመካከለኛው ያለው ከፍ ማለት ይችላል፣ ከታች ያለው ግን የሌሎች ችግኝ ጣቢያ ሆኗል። በእኔ ፍርድ ዛሬ ሚዛኑ የጎደለው እዚህ ቦታ ላይ ነው፤ የዋንጫውን ዝርዝር ብቻ የሚያይ ሰው አያገኘውም።

ስለ ጣዕም የሚጻፈው ገጽ በቁጥር ብቻ አይሞላም፤ ቢሆንም ከቁጥር ይጀምሩ። ያ 65 ለ 7 ያለቀው ፍጻሜ ወደ 17 ሚሊዮን ተመልካች ነበረው። ኢንዲያናና ማያሚ የተገናኙበትን ወደ 30 ሚሊዮን ሰው ተመለከተው። ሰው ተቀራራቢ ጨዋታና አዲስ ስም ይወዳል፤ ጨዋታው ሞቷል የሚለው ክስ በዚህ በኩል ውሃ አያነሳም። ያልተጠበቁ ውጤቶችንም እዚሁ ይመዝግቡ። በመስከረም 2024 ኖርዘርን ኢሊኖይ ኖተር ዳምን በሜዳው 16 ለ 14 አሸነፈ፤ ያው ኖተር ዳም ፍጻሜ ደረሰ። በጥቅምት ቫንደርቢልት ያኔ አንደኛ የነበረውን አላባማን 40 ለ 35 ሲያሸንፍ ናሽቪል ውስጥ ደጋፊዎቹ የግቡን ምሰሶ ነቅለው ተሸክመው ከምበርላንድ ወንዝ ከተቱት። አላባማን ካሸነፉ 40 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ከዚያ ቁጥር የማይይዘውን ይጻፉ። ኅዳር 30 ቀን 2024 እዚህ ኮሎምበስ ውስጥ ተቀናቃኛችን ሚሺጋን ኦሃዮ ስቴትን 13 ለ 10 አሸነፈ። ሚሺጋን ያን ዓመት ደካማ ነበር፤ ስድስት አሸንፎ አምስት ተሸንፎ ነው የመጣው። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ከስታዲየሙ ወጥቶ ወደ ሃይ ስትሪት ሲፈስ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። ከአጠገቤ አንድ አባት ቀይ ሹራብ ለለበሰ ልጁ «አይዞህ፣ ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ አለን» ይለዋል። ልጁ የራሱን እንባ ጠርጎ «ታዲያ አንተ ለምን ታለቅሳለህ?» ብሎ አባቱን ጠየቀው። ጥያቄው ትክክል ነበር። በአራቱ ዘመን ያ ሽንፈት ዓመቱን ይዘጋው ነበር፤ አሁን ግን ኦሃዮ ስቴት ከሰባት ሳምንት በኋላ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ደስ ብሎኛል፤ ከተማዬ ናት። ነገር ግን የሚሺጋን ጨዋታ ክብደቱ እንደ ቀለለ አውቃለሁ፣ ያንንም እንደ ኪሳራ መዝግቤዋለሁ።

ከዚሁ ጋር የተቋረጡ የጎረቤት ፍልሚያዎችን ይዘርዝሩ። ኦክላሆማ በ2024 ወደ ኤስ ኢ ሲ ኮንፈረንስ ሲሄድ ከኦክላሆማ ስቴት ጋር በየዓመቱ የሚያደርገው ጨዋታ ቆመ፤ የመጨረሻውን በ2023 ኦክላሆማ ስቴት 27 ለ 24 አሸንፏል። በዚያው በ2024 ከሎስ አንጀለስ ሁለት፣ ከኦሪገንና ከዋሽንግተን አንድ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቢግ ቴን የተባለውን ኮንፈረንስ ተቀላቀሉ፤ ከቀድሞው ኮንፈረንሳቸው ከፓክ 12 ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ብቻቸውን ቀሩ። ያደረገው የቴሌቪዥን ገንዘብ ነው። በ1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የማሰራጨት መብት የኤን ሲ ኤ ኤ (የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር) ብቻ መሆኑን ከሻረ ወዲህ ኮንፈረንሶች ለየራሳቸው ይሸጣሉ፤ የሸጠ ይገዝፋል። በእኔ ደብተር ከጣዕም የጎደለው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ልጅ ሆኖ ከጎረቤት መንደር ጋር ኳስ የተጫወተ ሰው ለምን እንደሆነ አያጣውም።

ደብተሩን በዓመት ሁለት ጊዜ መክፈት ይበቃል፤ በጥር ፍጻሜው እንዳለቀ ለውጤቱ፣ የዝውውሩ ጊዜ ሲዘጋ ደግሞ ለፍልሰቱ። ከአምስት ዓመት ያነሰ መረጃ ይዘው አይከራከሩ። ለ2026 አንድ ባዶ ገጽ ይተዉ፤ ፓክ 12 ቦይዚ ስቴትን፣ ሳን ዲዬጎ ስቴትን፣ ፍሬዝኖ ስቴትን፣ ኮሎራዶ ስቴትን፣ ዩታ ስቴትንና ቴክሳስ ስቴትን ጨምሮ እንደ አዲስ ይጀምራል። እኔ በዚያ ገጽ ላይ መጀመሪያ የምጽፈው ስንቶቹ አሰልጣኞች እስከ ታኅሣሥ በቦታቸው እንደቆዩ ነው።