ኬጅንና ክሪዮል ሙዚቃን መስማት ለምትፈልጉ፦ ከየት ይጀመራል?

አሜሪካ ውስጥ የምትገኘውን የደቡብ ሉዊዚያናን ሙዚቃ ለጓደኛ ስታሰሙ ብዙ ጊዜ የሚሆነው አንድ ነው። አኮርዲዮኑ ይጮሃል። ዘፋኙ ከአኮርዲዮኑ በላይ ይጮሃል። ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነው፣ ግን ፓሪስ የተማረ ሰው እንኳ ግማሹ ያመልጠዋል። ጓደኛችሁ ግማሽ ደቂቃ ታግሶ «ሌላ የለህም?» ይላል። እኔም መጀመሪያ የሰማሁት ቀን እንዲሁ ነበርኩ። አሁን ግን ቅዳሜ ጠዋት ያለዚህ ሙዚቃ ቡናዬ አይፈላም። ጥፋቱ የሙዚቃው አይደለም፣ የጆሯችንም አይደለም፤ አብዛኛው ሰው የሚገባበት በር ስላልሆነለት ነው። ስለዚህ በየት በኩል ብትገቡ እንደሚሻል ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስሞቹን እንለይ። ኬጅን የሚባሉት ከዛሬዋ ካናዳ፣ ከኖቫ ስኮሺያና ከአካባቢዋ፣ እንግሊዞች ከ1755 ጀምሮ ቤታቸውን እያቃጠሉ ያባረሯቸውና ኋላ ሉዊዚያና የሰፈሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ልጆች ናቸው። አገራቸው አካዲ ትባል ነበር፤ ስማቸው ከአፍ አፍ ሲንከባለል «አካዲያን» የነበረው «ካዲያን»፣ ከዚያ «ኬጅን» ሆነ። ክሪዮል የሚለው ቃል ብዙ ትርጉም አለው፣ ባለቤቶቹም ይከራከሩበታል። በሙዚቃ ሲነሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ደቡብ ምዕራብ ሉዊዚያና የሚኖሩትን ፈረንሳይኛና ክሪዮልኛ ተናጋሪ ጥቁሮች ማለት ነው። ሁለቱ ሕዝቦች ጎረቤቶች ነበሩ። የሌላ ሰው ጥጥና ሩዝ አብረው አርሰዋል፣ ዘፈን ተዋውሰዋል፣ አንዱ የሌላውን አኮርዲዮን ሰምቶ ተምሯል። ጭፈራው ግን ለየብቻ ነበር፤ ጥቁሩ ሙዚቀኛ ነጮች ቤት ይጫወታል እንጂ አይጨፍርም። ይህን ልብ በሉት፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ብዙ አዋቂዎች «ከጥንቱ ጀምሩ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ከ1920ዎቹ መጨረሻ የተረፈው ሸክላ ይንጫጫል፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፣ ያልለመደ ጆሮ ከጩኸቱ በስተጀርባ ያለውን ሰው ሳያገኝ ይሸሻል። ወደ ኋላ እየተራመዳችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ክሊፍተን ሼኒየርን ስሙ።

ሼኒየር በ1925 ኦፔሉሳስ በምትባል የሉዊዚያና ከተማ አጠገብ የተወለደ ክሪዮል ነው። የድሮውን የቤት ጭፈራ ሙዚቃ፣ እነሱ ላ ላ የሚሉትን፣ ከብሉዝና ከሪትም ኤንድ ብሉዝ ጋር አጋባውና ዛሬ ዛይደኮ የምንለው መልክ ያዘ። ለእኛ ጆሮ ቀላል የሚሆንበት ምክንያትም አለ። እሱ የሚጫወተው እንደ ፒያኖ ነጭና ጥቁር ቁልፍ ያለውን ትልቁን አኮርዲዮን ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ባወጣው አልበም የተጫወተውን አኮርዲዮን የምታውቁ ሰዎች መሣሪያው እንግዳ አይሆንባችሁም፤ የሚያወራው ወሬ ነው የሚለየው።

አንድ ዘፈን ምረጡና ሦስት ጊዜ ስሙት። በመጀመሪያው ዙር አኮርዲዮኑንም ድምፁንም ተዉትና ያንን የሚፋጨውን ብረት ብቻ ተከተሉ። ፍሮትዋር ይባላል፣ ከትከሻ ተንጠልጥሎ ደረት ላይ የሚለበስ ጎርባጣ ቆርቆሮ ነው፣ የሚመታውም ብዙ ጊዜ በጠርሙስ መክፈቻ ነው። ድሮ ልብስ ማጠቢያውን ቆርቆሮ በገመድ አንገታቸው ላይ አስረው ይፍቁት ነበር። በ1946 ሼኒየርና ወንድሙ ክሊቭላንድ ለአንድ ብረት ሠራተኛ ንድፉን ነግረው እንደ ሰደርያ የሚለበሰውን አሠሩ። በሁለተኛው ዙር ባስና ከበሮውን ያዙ። በሦስተኛው ዙር ብቻ ዘፋኙን። ያኔ ዘፈኑ ከምን እንደተሠራ በእጃችሁ የዳሰሳችሁት ያህል ይገባችኋል።

ዛይደኮ የሚለውን ስም አብዛኛው ሰው «ሌ ዛሪኮ» ከሚለው ያመጣዋል፣ ፎሶሊያ ማለት ነው። «ፎሶሊያው ጨው የለውም» የሚል የቆየ አባባል አላቸው። ፎሶሊያው ውስጥ የሚጨመር ጨው የተቀባ ሥጋ እንኳ የለንም፣ ኑሮ ከብዷል ማለት ነው። ሰዎቹ ይህን እያሉ ነው የሚጨፍሩት፣ እኔን እዚህ ሙዚቃ ላይ ያስቀረኝም ይኸው ነው።

ከዚያ ወደ ትንሿ አኮርዲዮን እለፉ። የኬጅኖቹ ሙዚቃ ልብ እሷ ናት፣ የድሮዎቹ ክሪዮሎችም የሚጫወቱት እሷን ነው። አሥር ቁልፍ ብቻ አላት፣ በአንድ ረድፍ። አሠራሯን ካልተረዳችሁ ለምን እንደዚያ እንደምትንቀጠቀጥ አይገባችሁም። አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ወናፉን ስትገፉት አንድ ድምፅ ይወጣል፤ ያንኑ ቁልፍ ይዛችሁ ወናፉን ስትስቡት ሌላ ድምፅ። ስለዚህ ተጫዋቹ አንድ ዜማ ለመጨረስ ሲገፋና ሲስብ፣ ሲገፋና ሲስብ መኖር አለበት፤ ያ ሩጫ ነው ሙዚቃውን እንደሚተነፍስ ሰው የሚያደርገው። ፒያኖ አኮርዲዮን ድምፁን ማንሸራተት ይችላል፣ ይህቺ ግን ትቆራርጠዋለች። ደግሞም ቁልፏ የተወሰነ ስለሆነ ዘፋኙ ነው ለእሷ የሚታዘዘው። ማይክሮፎን በሌለበት፣ መቶ ሰው ወለሉን እየረገጠ በሚጨፍርበት ቤት ውስጥ ለመሰማት ድምፁን ወደ ላይ ይሰቅላል። «ለምን ይጮሃሉ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ እዚያ ነው ያለው።

እዚህ ላይ ኬጅኖቹን የባልፋ ወንድማማቾች ስሙ። ቫዮሊኖቹን ለመለየት ከእነሱ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ዱዊ ባልፋ ዜማውን ይመራል፣ ወንድሙ ዊል ከሥር ሆኖ ወፈር ባለ ድምፅ ምቱን እየያዘ ይደግፈዋል። አኮርዲዮን ሳይስፋፋ በፊት የቤት ጭፈራ በሁለት ቫዮሊን ብቻ ይደረግ ነበርና የዚያ ዘመን ትዝታ እነሱ ላይ ቀርቷል። ከኋላ ትሪያንግል፣ ባለ ሦስት ማዕዘኗን የምትመታ ብረት፣ ትሰማላችሁ። ድሮ የምትሠራው ከድርቆሽ መሰብሰቢያ ማሽን ጥርስ ነበር። ሙዚቃው ሁሉ እንዲህ ነው፣ ከእርሻና ከጓዳ የተለቀመ። ክሪዮሉ ቫዮሊን ተጫዋች ካንሬ ፎንተኖ ልጅ ሳለ የመጀመሪያ ቫዮሊኑን ከሲጋር ሳጥን ሠራ፣ ክሩን ደግሞ ትንኝ ከሚከለክል የበር ወንፊት ሽቦ ነቀለ። የእሱንና የአኮርዲዮኒስቱን የቧ ሴክ አርድዋንን ቅጂ ካገኛችሁ አትለፉት። ለእኔ ከሁሉም የሚጣፍጠው የእነሱ ነው፣ አይቸኩሉም፣ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል።

ዱዊ ባልፋን ሳነሳ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በ1921 የሉዊዚያና ሕገ መንግሥት ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን ደነገገ። ግቢ ውስጥ ፈረንሳይኛ የተናገረ ልጅ ይቀጣ ነበር። በአፉ የተቀጣ ልጅ አድጎ ሲወልድ ለልጁ ቋንቋውን አያወርስም፤ ሙዚቃውም አብሮ የማይም ሙዚቃ ተባለ፣ የሚያሳፍር ሆነ። በ1964 ባልፋ በመጨረሻ ሰዓት ሰው ጎድሎ ጊታር ይዞ ከሌሎች ኬጅን ሙዚቀኞች ጋር በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ኒውፖርት ወደሚካሄደው የሕዝብ ዘፈን ፌስቲቫል ሄደ። አገር ቤት «ልታሳፍሩን ነው» ያሏቸው ነበሩ። እዚያ የጠበቃቸው ሕዝብ 17 ሺህ ገደማ ነበር፣ ባልፋ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ሕዝብ ፊት ቆሞ አያውቅም፣ ያም ሕዝብ አልለቅ አላቸው። ሰውየው ወደ ቤቱ ሲመለስ ሥራዬ ብሎ ያዘው፤ ትምህርት ቤት እየገባ ልጆችን አስተማረ። በ1974 ላፋዬት ከተማ ውስጥ ለዚሁ ሙዚቃ ክብር ትልቅ ኮንሰርት ተደረገ፣ ዛሬ በየጥቅምቱ ጂራርድ ፓርክ የሚደረገው ነፃ ፌስቲቫል የመጣው ከዚያ ነው።

አሁን ጆሯችሁ በስሏል። ወደ አሜዴ አርድዋን ሂዱ።

አርድዋን ጥቁር ክሪዮል ነበር፣ ቀጭን፣ አጭር ሰው፣ ድምፁ ግን ግድግዳ ይሰነጥቃል። ከነጩ ቫዮሊኒስት ከዴኒስ መጊ ጋር ከ1929 ጀምሮ ቀረጸ፤ እስከ 1934 ድረስ በጠቅላላ 34 ዘፈን ተወልን። ኬጅኖችም ክሪዮሎችም ዛሬ የሚጫወቱት ግማሹ ከእነዚያ ሸክላዎች የተቀዳ ነው ብል አላጋነንኩም። ስትሰሙት በጆሮ ማዳመጫ ስሙ፣ ጩኸቱን ታገሱ። ቫዮሊኑ የት እንዳለ ፈልጉት፤ መጊ አይፎካከረውም፣ ምቱን እየመታ ከሥሩ ይሄዳል። ያ በዘመኑ በሕግ የተለያዩ ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሠሩት ሥራ ነው። ፍጻሜው ግን መራራ ነው። የሚያውቁት ሰዎች እንደሚሉት አንድ ምሽት ነጮች ቤት ሲጫወት ላብ አጠመቀው፣ የቤቱ ልጅ መሐረብ ሰጠችው፣ እሱም ፊቱን ጠረገበት። ሲወጣ ጠብቀው ደበደቡት። ከዚያ ወዲያ እንደ ድሮው አልሆነም፤ በ1942 ፓይንቪል በሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሞተ፣ መቃብሩም በስሙ አልታወቀም። ኦፔሉሳስ ላይ ሐውልት የቆመለት በ2018 ነው። ይህን ካወቃችሁ በኋላ አንዱን ዋልዝ፣ ባለ ሦስት ምቱን ዘፈን፣ መልሳችሁ ስሙት።

ስለ ቋንቋው አትጨነቁ። እስኪገባችሁ ከጠበቃችሁ አትጀምሩም። ጥቂት ቃል ብቻ ያዙ። ሼር ማለት ውዴ፣ ጆሊ ማለት ቆንጆ፣ ላ ሜዞን ቤት፣ ቱ ሰል ብቻዬን፣ ኦርፈለን የሙት ልጅ። እነዚህ አምስቱ ደጋግመው ይመጣሉ። ትታኝ ሄደች፣ ቤቱ ባዶ ነው፣ እናት አባት የለኝ፣ ማን ያየኛል፤ ዘፈኑ ይኸው ነው። ትዝታ ሰምቶ ያደገ ሰው ይህን ስሜት ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

አሁን ዋናው ነገር፣ ተነሡ። ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሙዚቃ አይደለም። የተሠራው ዕቃው ከክፍሉ ወጥቶ፣ ልጆቹ ጓዳ ተኝተው፣ ትልልቁ ሰው ለሚጨፍርበት ቤት ነው። የኬጅኖች ጭፈራ ስሙ ፌ ዶ ዶ ነው፣ «እሹሩሩ ተኛ» እንደማለት፣ እናቶች ልጆቻቸውን አስተኝተው ወደ ጭፈራው ለመመለስ ሲጣደፉ ከሚሉት የመጣ ነው ይባላል። ዋልዙ ሦስት ምት ነው፣ የእኛም እግር ለሦስት ባዳ አይደለም። ቱ ስቴፕ የሚሉት ደግሞ ፈጠን ያለው ነው፤ ጥንዶቹ ወለሉን ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ እየዞሩ ይጨፍራሉ፣ እናንተም በዚያው አቅጣጫ ዙሩ፣ አለዚያ ትጋጫላችሁ። ዛይደኮ ሲሆን አይዞርም፣ ባላችሁበት ጉልበታችሁን ለቀቅ አድርጋችሁ ክብደታችሁን ወደ ታች ትጥላላችሁ። እቤት ለብቻችሁ ሞክሩት። እግራችሁ ሲይዘው ጆሯችሁም ያልሰማውን ይሰማል፤ ለምሳሌ ዘፈኑ በአንድ ቦታ ግማሽ ምት የጎደለ የሚመስለው ለምን እንደሆነ።

ሂውስተን ለምትኖሩ ወገኖች ይህ ሁሉ ቅርባችሁ ነው። ከሉዊዚያና ለነዳጅ ማጣሪያ ሥራ የፈለሱ ክሪዮሎች ዛይደኮን ይዘው መጥተዋል፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አዳራሾች ውስጥ የሚጨፈርበት ልማድም አላቸው። በመኪና ደግሞ አይ ቴን በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ብትነዱ ላፋዬት ናችሁ። የምትሄዱ ከሆነ ቅዳሜን ምረጡ። ዩኒስ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ አኮርዲዮን ሠሪው ማርክ ሳቭዋ በ1966 የከፈተው ሱቅ አለ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌም ወጣትም መሣሪያውን ይዞ ይመጣና ክብ ሠርቶ ይጫወታል። ሩቅ ያላችሁ ኬ አር ቪ ኤስ የተባለውን የላፋዬት ሬዲዮ በኢንተርኔት ክፈቱት።

የሳቭዋ ሱቅ ስትገቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ለመምታት እጃችሁ ቢበላችሁም መጀመሪያ ስሙ፤ ትሪያንግል ከአንድ በላይ ከሆነ ሁሉንም ነገር ይሸፍናል፣ ስለዚህ አንድ ሰው ከያዘው ተራችሁን ጠብቁ። ማታ ጭፈራ ቤት ስትሄዱ ደግሞ አንድ የማታውቁት ሰው፣ ምናልባት የአያታችሁ እኩያ፣ እጁን ዘርግቶ «እንጨፍር?» ሊላችሁ ይችላል። እዚያ አገር ያ ተራ ነገር ነው። አልችልም አትበሉ፣ ተነሡ፣ እግሩን ተከተሉ።